ለቅሶ የማይደረስለት ሐዘን
በወልድያ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

  

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለት ነገሮች ዝምድና ነው። አንደኛው በወጣቶቻችን ላይ የምናየው ድባቴ ነው። ሁለተኛው ልጅ ሲከፋው ወላጁ በልቡ ይገኝለታል ወይስ አይገኝለትም የሚለው ጥያቄ ነው። ባህላችን በመካከላቸው ገብቶ ምን እንደሚያቀና፣ ምን እንደሚያጠብቅ መመርመር እፈልጋለሁ። በቅድሚያ ስለ ሕመሙ በአጭሩ እናገራለሁ፤ ቀጥዬ ተመራማሪዎች የደረሱበትን አነሣለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ገዛ ቤታችን እንገባለን፤ ብዙውን ጊዜ የምወስደው እዚያ ነው። ምን ይደረግ የሚለውን በመጨረሻ እናየዋለን።

ድባቴ የአንድ ቀን መከፋት አይደለም። ሰው ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት ሲከፋው፣ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረው ነገር ሁሉ ትርጉም ሲያጣበት፣ ከዚህም ጋር እንቅልፉ ሲዛባ፣ የምግብ ፍላጎቱ ሲለወጥ፣ ጉልበት ሲከዳው፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ሲያቅተው፣ ራሱን እንደ ከንቱ ሲቆጥር፣ ሲብስም ሞትን ሲመኝ ሐኪም ድባቴ ይለዋል። በእኛ አገር ሕመሙ ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ይመጣል። "ራሴን ወጥሮ ይዞኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ጨጓራዬ አላስቀምጥ አለኝ" የሚል ወጣት ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲዞር ይከርማል። በወንዶች ልጆች ላይ ደግሞ ቁጣና ስንፍና መስሎ ይታያል፤ በጫትና በመጠጥም ይሸፈናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ ሰው 18 ዓመት ሳይሞላው ይጀምራሉ። በ20 ዓመቱ ታሞ ያየነው ልጅ እንግዲህ ሕመሙ የጀመረው ገና ከእኛ ጋር በአንድ ማዕድ ሲበላ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጥናቱ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድ ቀላል ሙከራ ሠራ። እናት ከጥቂት ወር ሕፃን ልጇ ጋር ፊት ለፊት ትቀመጥና እንደ ወትሮዋ ታጫውተዋለች። ከዚያ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ፊቷን ድርቅ አድርጋ፣ ምንም ሳትናገርና ሳትፈግግ ዝም ብላ እንድታየው ትደረጋለች። ሕፃኑ በመጀመሪያ ይስቅላታል። ምላሽ ሲያጣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ይንፈራገጣል። ያም አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል። ልብ በሉ፤ ይህ ልጅ አልተራበም፣ አልተመታም፣ እናቱም ጥላው አልሄደችም። ያጣው ነገር ቢኖር የእናቱን ምላሽ ነው። ተመራማሪዎች ስለ ወላጅ በስሜት መገኘት ሲናገሩ የሚያወሩት ስለዚህ ነው፦ የልጅን ስሜት ማየት፣ ለዚያም ተገቢውን መልስ መስጠት።

ስለ አዋቂ ልጆችም ብዙ ተጠንቷል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጎርደን ፓርከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጠይቅ ሰዎች ወላጆቻቸውን እንዴት እንደሚያስታውሱ ጠየቁ። ፍቅሩ አነስተኛ፣ ቁጥጥሩ ግን ጥብቅ የነበረ ቤት ያደጉ ሰዎች ለድባቴ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የተከፋ ሰው ያለፈውንም ጨለማ አድርጎ ሊያስታውስ ይችላል፤ ተነጫናጭ የሆነ ልጅም ወላጁን ሊያርቅ ይችላል። የዘር ውርስ አለ፣ ድህነት አለ፣ ጦርነት አለ። ስለዚህ ልጃቸው የታመመባቸውን እናትና አባት "እናንተ ናችሁ ያሳመማችሁት" የሚል ሰው ከሳይንሱም ከርኅራኄም የራቀ ነው። የወላጅ ልብ መራቅ አደጋውን ይጨምራል፤ መቅረቡ ደግሞ ይቀንሰዋል። ጥናቱ የሚፈቅድልን ይህን ያህል መናገር ነው፤ ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

"ይህ የፈረንጅ ልጅ አስተዳደግ ነው፣ እኛን አይመለከትም" የሚል ሐሳብ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሮናልድ ሮነር የሚባል ተመራማሪ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ይህንኑ ነው። እርሱና ተከታዮቹ በብዙ አገሮች ተዘዋውረው ልጆችንና አዋቂዎችን ጠይቀዋል። ያገኙት መልስ ሁለት ክፍል አለው። በየትኛውም ባህል ወላጄ አይወደኝም ብሎ የተሰማው ሰው ለድባቴ ይበልጥ ይጋለጣል፤ በዚህ ረገድ የአባት ፍቅር ከእናት ፍቅር አያንስም። ፍቅር የሚገለጥበት መንገድ ግን ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ አገር "እወድሃለሁ" ብሎ በየቀኑ ይናገራል፤ ሌላው ፈጽሞ አይለውም። ዋናው ነገር ልጁ የወላጁን ድርጊት እንደ ፍቅር መረዳቱ ነው።

በእኛ ቤት ፍቅር የሚነገረው በሥራ ነው። ከሀብሩ ወረዳ ገጠር መጥቶ መርሳ ከተማ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ተማሪ አስቡት። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ በእግሩ ወደ ቤቱ ይወጣል። እናቱ እንጀራውን ጋግራ፣ ሽሮውን በላስቲክ ቋጥራ፣ ቆሎውን ቆልታ ትጠብቀዋለች። እሑድ ሲመለስ ስንቁን ታሸክመዋለች፣ ደጅ ድረስ ወጥታ ትመርቀዋለች፣ እስኪርቅ ድረስ ታየዋለች። እርሷ የምትበላውን ቀንሳ ነው ያን የሰጠችው። ይህን ፍቅር አይደለም የሚል ሰው ወሎን አያውቅም። ግን በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ የተጠየቀው ምንድን ነው? "ሽሮው በቃህ ወይ? የቤት ኪራዩ ተከፈለ? ፈተናው መቼ ነው?" ነው። ኪራይ ቤት ውስጥ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ እንደሚያድር፣ ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚናገረው እንደማይገባው፣ ከጓደኞቹ እየራቀ እንደሆነ የሚነገርበት ቀዳዳ አልተገኘም። ከአባቱ ጋር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ልጅ አባቱን ሊጠይቅ የፈለገውን "እማዬ፣ ለአባዬ ንገሪልኝ" ብሎ ያስነግራል፤ መልሱም በእናት በኩል ይመጣል። ለጫማና ለደብተር ይህ መንገድ ይበቃል። ሞትን ለተመኘ ልጅ ግን አይበቃም።

ይህ ዝምታ ከክፋት የመጣ አይደለም። ከየት እንደመጣ ጥቂት ልቆይበት። ዛሬ የ20 ዓመት ልጅ ያላቸው ብዙ ወላጆች በ1977 ዓ.ም. ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ በስተሰሜን ኮረም ላይ የሆነውን ረሃብ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል፤ እዚህ ያለው ሰው ግን በቤቱ ነው ያየው። ከዚያ ቀደም የ1965 እና 66ቱ ረሃብ ነበረ። በ1977 እና 78 ደግሞ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚገመት ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሰፈራ ተወሰደ፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ። በዚያ ዘመን ያደገ ልጅ "ራበኝ" ቢል የሚሰጠው አልነበረም። ወላጁ እየሰማ ምንም ሊያደርግለት አልቻለም። ስለዚህ ልጁም አለመናገርን ተማረ፣ ወላጁም አለመጠየቅን። ሕይወት ያተረፈ ችሎታ ነበርና ልናቃልለው አይገባም። ያ ልጅ ዛሬ አባት ሆኖ "እኛ ስንቱን አሳልፈናል፣ አንተ ጠግበህ እየበላህ ምን ጎደለህ?" ሲል ልጁን ለማቁሰል አይደለም። እርሱ የሚያውቀው ሐዘን ሆድ ሲጎድል የሚመጣውን ነው።

በላዩ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነት እጅ ነበሩ፤ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ወይም ጥሎ ሸሽቶ ከረመ። ከዚያም ወዲህ ዕፎይታ አላገኘም። በእነዚያ ወራት 14 እና 15 ዓመት የነበሩ ልጆች ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ወላጆቻቸውም ራሳቸው ተጎድተዋል፤ አንዳንዶቹ ምናልባት ድባቴ ይዟቸው ሳያውቁት ይኖራሉ። ማይርና ዋይስማን የተባለች ተመራማሪ ቤተሰቦችን 20 ዓመት ተከታትላ እንዳሳየችው ድባቴ የነበረበት ወላጅ ልጆች ከሌሎች ልጆች 3 እጥፍ ያህል ለዚሁ ሕመም ይጋለጣሉ። ከእርሷና ከባልደረቦቿ ሥራ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ እናት ታክማ ስትድን የልጆቿም ምልክት እየቀነሰ ይሄዳል። የደከመች እናት እንድታርፍና እንድትታከም መርዳት ልጇን ማከም ነው ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልናገረው ወደመጣሁት ደርሻለሁ። የወሎ ሕዝብ የተከፋን ሰው አጠገብ መቀመጥ አያውቅም የሚል ካለ ለቅሶ ላይ ይምጣ። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ይነሣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ያልመጣ የቅሬ አባል ይቀጣል። ጎረቤት ምግቡን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው እሳት እንዲያነድ አይጠበቅም፣ ሌሊትም ብቻውን አይተውም። መጀመሪያ እንዲያለቅስ ይፈቀድለታል። "ይብቃህ" የሚባለው ካለቀሰ በኋላ ነው። ሰዎች ገብተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ስለ ሟቹ ሲነሣ ይሰማሉ፤ ደግሞ ሲነሣ ደግመው ይሰማሉ። የሥነ ልቦና ሊቃውንት በስሜት መገኘት ያሉትን ነገር አያቶቻችን በደንብ አጽንተው፣ ቅጣት አበጅተውለት አቆይተውልናል። በየወዳጃው፣ በዱዓው ስብሰባ ላይም እናየዋለን፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ዱዓው ተይዞ፣ የጨነቀው ሰው ጭንቀቱን በሰው ፊት ያወጣል፤ ተሰብሳቢው "አሚን" ይልለታል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሀብት እንዲከፈት ሬሳ ይጠይቃል፣ ወይም ሁሉም የሚያየው መከራ። የወጣቶቻችን ሐዘን ሬሳ የለውም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ12 ዓመት ልፋት በኋላ ውጤቱን በስልኩ አይቶ ቤቱ የተመለሰው ልጅ ያጣው አንድ ሙሉ የወደፊት ሕይወት ነው። ማን ለቅሶ ደረሰው? ጎረቤት "አመጣህ?" ብሎ ጠየቀው፤ አባቱ ፊቱን አጠቆረበት፤ እናቱ "አብሽር፣ አላህ ያውቃል" ወይም "አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" አለችው። አብሽር መልካም ቃል ነው፤ እኔም በዚህ ቃል አድጌአለሁ። ግን ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት ከተባለ ንግግሩን ይዘጋዋል። ለሐዘንተኛ "ይብቃህ" የምንለው ካለቀሰ በኋላ ነው ብዬ ነበር፤ ለልጃችን ግን ሳያለቅስ እንለዋለን።

ስደት ደግሞ አለ። የሀብሩ ቀበሌዎች ልጆቻቸውን ወደ ሳዑዲ በብዛት ከሚልኩት ናቸው፤ ወንዶቹ በጅቡቲ ኦቦክ አድርገው፣ ባሕሩን ተሻግረው በየመን በኩል፣ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ ለቤት ሠራተኝነት። በኢሞ ሲደወል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ልጅቱ ጂዳ ወይም ሪያድ ከአሠሪዋ ቤት ወጥ ቤት ቆማ ትደውላለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፦ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ታናናሾች፣ ሊጠይቅ የገባ ጎረቤት። ሁሉም "ደህና ነሽ? ጤና ነሽ?" ይላታል። እርሷም ለሁሉም "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። መጨረሻ ላይ ስለ ገንዘቡ ይወራል፤ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የታናሽ ወንድሟ ትምህርት፣ የአባቷ ሕክምና። ሌሊት እንደማትተኛ ብትናገር እናቷ ትታመምባታለች ብላ ትፈራለች። የወላጆቿን ስሜት የምትሸከመው እርሷ ሆናለች። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ሰነድ የሌላቸውን ስታባርር ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ፤ ከዚያም በኋላ መመለሱ አላቆመም። ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ ለደላላ የተከፈለውን ብድር እያሰበ ቤት ይገባል። ሰው የሚጠይቀው ይዞት ስለመጣው ነገር ነው፤ የመን በረሃ ላይ ስላየው ነገር የሚጠይቀው የለም። በተቃራኒው ደግሞ እናታቸው ሄዳ ከአያት ጋር ያደጉ ልጆች አሉ። አያት ጥሩ ከለላ ናት፤ በልቧ የተገኘች አያት የእናትን ጉድለት እንደምትሞላ አልጠራጠርም። ግን እነዚያ ልጆች እናታቸው ስትሄድ ያለቀሱትን ልቅሶ የሚያስታውስ፣ "ናፈቀችህ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ከውጭ አዲስ ሥርዓት እናምጣ አልልም። ለቅሶ ላይ የምናውቀውን በሕይወት ላለው ልጃችን እናውጣው ነው የምለው። ከልጅ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ "ና ንገረኝ" ማለት ለእኛ ይከብዳል፤ ልጁም ምርመራ ይመስለዋል። አብራችሁ ስታርሙ፣ ከብት ስትነዱ፣ ከገበያ ስትመለሱ፣ እናት ቡና ስትቆላ ይቀላል። "ሰሞኑን ፊትህ ልክ አይደለም፤ ምን ሆንክብኝ?" በሉት። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም ምክር አታስገቡ። ከተናገረ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከቤት አይውጣ፤ የነገራችሁን በማግስቱ ከጎረቤት አፍ ከሰማው ዳግም አይነግራችሁም። አባቶችን በተለይ የምለምነው በእናት በኩል ማስጠየቁን አንድ ቀን እንዲያቆሙ ነው። ልጁ ከእናንተ አፍ መስማት የሚፈልገው ነገር አለ።

ቅሬዎችም ማሰብ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ከስደት ባዶ እጁን የተመለሰ፣ ፈተና የወደቀ፣ ከሰው ተለይቶ ቤቱን የዘጋ ወጣት ሲኖር ሁለት ሦስት ሰዎች ሄደው ቢጠይቁት ከደንባቸው ጋር የሚጋጭ አይደለም። የንስሐ አባቶች፣ ሼሆችና አስታራቂዎቹ አባጋሮች በዚህ ጉዳይ ቤት ለቤት የሚገባ ድምፅ አላቸው። ለወላጁ "ልጅህን ስማው" ቢሉት ከእኔ ንግግር ይልቅ የእነርሱ ይሰማል።

ከባዱን ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ልጃችሁ "ሕይወት በቃኝ፣ ለእናንተም ሸክም ነኝ" የሚል ነገር ከተናገረ፣ ወይም የሚወደውን ነገር ለሰው ማከፋፈል ከጀመረ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት እያሰበ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ዕፎይታ ነው። ብቻውን አትተዉት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በምናለማበት በዚህ አገር የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል በየጓዳው ይቀመጣል፤ ቆልፋችሁ፣ ቁልፉን አንድ ሰው እንዲይዘው አድርጉ። የጭንቁ ሰዓት ሲያልፍ ሰው በሕይወት የመቆየት ፍላጎቱ ይመለሳልና ያች ሰዓት ያለ ኬሚካል እንድታልፍ ማድረግ ነፍስ ያተርፋል።

ድባቴ ይድናል። የንግግር ሕክምና አለ፣ መድኃኒትም አለ። መድኃኒቱ መሥራት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሱስ አያስይዝም፤ ከተሻለውም በኋላ ሐኪሙ እስኪያዝ፣ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 6 ወር፣ ይቀጥላል። ጠበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጋር አይጣሉም፤ ጠበል ስለጀመረ መድኃኒቱን ማቆም ነው አደጋው። በመጀመሪያ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያችሁ ሄዳችሁ ስለ ጨጓራውና ስለ ራስ ምታቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፉና ስለ ልቡም ንገሯቸው፤ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይልኩታል። ስትሄዱ አብራችሁት ሂዱ። እናቶች ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ሐኪሙ ልጁን ሲጠይቀው ቀድማችሁ አትመልሱለት። መጀመሪያ ብቻውን ገብቶ የራሱን በራሱ አፍ ይናገር፤ እናንተ ስትጠሩ ትገባላችሁ።  ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከወጣቶቹ እንጀምር።